የቤት ቅባት ፀሐይን ይመልሳልን?

ሰው በገዛ እጁ የሠራው ነገር ሁሉ ያምርበታል። የራሷን እንጀራ ጋግራ ያወጣች ባለሙያ የጎረቤቷ እንጀራ አይጥማትም፤ በርጩማ የጠረበ አናጢም ከባሕር ማዶ በመጣው ወንበር አይደነቅም። ይህ ኩራት በጓዳና በአናጢ ቤት ሲሆን የሚያስመሰግን ነው። በጤና ነገር ላይ ሲሆን ግን ምን ያህል ጉዳት እንደሚያመጣ የተማርሁት ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር ነው። ጥፋቱም የራሴ ስለ ሆነ፣ ሌላው ሰው እንዳይደግመው ሳልሸሽግ ለአንባቢዎች ላጫውት።

በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከክፍሌ ውስጥ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ አለች። ይህች ልጅ ከአልቢኒዝም ጋራ የተወለደች ናት፤ ይኸውም ለቆዳ፣ ለጠጕርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን የተባለውን ነገር ሰውነቷ አይሠራም፤ ቢሠራም እጅግ ጥቂት ነው። እናቷ ሽንኩርትና ድንች እየቸረቸሩ ያሳድጓታል። ልጅቱ ከሕፃንነቷ ጀምራ ሰፊ ባርኔጣ ሳታደርግ ወይም ነጠላ ሳትከናነብ ከቤት ወጥታ አታውቅም። በስፖርት ክፍለ ጊዜም ጓደኞቿ ኳስ ሲጫወቱ እርሷ ከዝግባው ሥር ተቀምጣ ደብተርና ጫማ ትጠብቃለች።

አንድ ቀን እናትየው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቀው አነጋገሩኝ። «መምህር፣ ሐኪሙ ያዘዘላትን የፀሐይ ቅባት ዋጋውን ጠይቄ ባዶ እጄን ተመለስሁ። ቢገዛስ ስንት ቀን ይቆያል? እርስዎ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩ ነዎት፤ እንዲህ ያለውን ነገር እዚሁ ቀምመን ብንሠራው አይሆንም ወይ?» አሉኝ።

«ይሆናል እንጂ እትዬ፤ ምን ችግር አለው!» አልኋቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ያልሁት ነገሩን አውቄው ሳይሆን፣ አላውቅም ማለት አፍሬ ነው።

በዚያው ሌሊት ኢንተርኔት ከፍቼ አሠራሩን ፈለግሁ። የሚመክረው ሰው ብዛቱ ለጉድ ነው። አንዱ የኮኮናት ዘይት ብቻውን ይበቃል ይላል፤ ሌላው እሬት ጨምሩበት ይላል፤ ሦስተኛው የካሮት ዘር ዘይት ከሁሉ ይበልጣል ይላል። እኔ የመረጥሁት የኮኮናት ዘይት፣ የንብ ሰም፣ የሺ ቅቤ፣ ጥቂት የካሮት ዘር ዘይትና ሁለት ማንኪያ ዚንክ ኦክሳይድ የተባለ ነጭ ዱቄት የሚቀላቀሉበትን ነው። ከአሠራሩ ግርጌ «የመከላከል ኃይሉ 30» ተብሎ ተጽፎበታል።

ቅዳሜ ጠዋት የሳይንስ ክበብ ልጆችን ሰብስቤ ሥራ ጀመርን። ሰሙንና ዘይቱን በፈላ ውኃ ላይ አስቀምጠን አቀለጥነው፤ ዱቄቱን ነስንሰን በእንጨት ማንኪያ አማሰልነው፤ በማርማላታ ጠርሙስ ገልብጠን አቀዘቀዝነው። መልኩ እንደ ለጋ ቅቤ ሆነ፤ መዓዛውም ክፍሉን ሞላው። እኔም ወረቀት ቈርጬ በመልካም ጽሕፈት «የፀሐይ መከላከያ ቅባት፤ 30» ብዬ ጻፍሁና ለጠፍሁበት።

የስፖርት ቀናችን የዋለው በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ነበር። ልጅቱ ያንን ቅባት ፊቷንና አንገቷን፣ ክንዷንም ተቀብታ፣ ባርኔጣዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ የክፍሏን ባንዲራ ይዛ ከሰልፉ ፊት ቆመች። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ ከሜዳው አልወጣችም። ከጓደኞቿ ጋራ ስትስቅ ባየሁ ጊዜ፣ አስተማሪ በመሆኔ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማታ አንገቷ፣ ጆሮዋና ክንዷ ፍም መሰለ። በማግሥቱ ውኃ ቋጠረ። ዘጠኝ ቀን ከትምህርት ቀረች።

ልጠይቃት ከቤታቸው በሄድሁ ጊዜ፣ እናትየው ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። «ባያውቁ ነው እንጂ መምህር፣ ለክፋት አይደለም» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ የተቀጠርሁት እንዳውቅ ነውና።

ልጅቱን ያከማት ሐኪም ደግሞ ቅባት ስለ መሥራቴ ብዙ አልተናገረኝም። እርሱ የተቈጣኝ በጠርሙሱ ላይ ስለ ጻፍሁት ቍጥር ነው። «30 መሆኑን በምን ለካኸው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። «ያልለካችሁትን ቍጥር በደብተራችሁ አትጻፉ» እያልሁ ተማሪዎቼን በየሳምንቱ የምቈጣ ሰው፣ ያልለካሁትን ቍጥር በሰው ልጅ ቆዳ ላይ ጽፌ ነበር። ባርኔጣዋንም ያስወለቃት ቅባቱ ሳይሆን ያ ቍጥር ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ከሥሩ አጠናሁት። ያገኘሁትንም እነሆ እጽፋለሁ።

የፀሐይ ብርሃን ለዓይን ከሚታየው ሌላ የማይታይ ክፍል አለው። ዮሐን ቪልሄልም ሪተር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1801 የፀሐይን ብርሃን በየቀለሙ ከፋፍሎ፣ ብርሃን ሲነካው የሚጠቍር የብር ጨው በየቀለሙ ላይ አስቀመጠ። ከሁሉ ይልቅ ፈጥኖ የጠቈረው ግን ከሐምራዊው ቀለም አልፎ፣ ምንም ብርሃን ከማይታይበት ቦታ ላይ የነበረው ሆኖ ተገኘ። ይህ የማይታይ ጨረር ዛሬ አልትራቫዮሌት ይባላል። እኛ ዘንድ ከሚደርሰው ውስጥ «ቢ» የሚባለው ወገን በተለይ ቆዳን ያቃጥላል፤ «ኤ» የሚባለው ጠልቆ ይገባና ቆዳን ያስረጃል። ሁለቱም ውለው አድረው የቆዳ ነቀርሳ ያመጣሉ።

ይህ ጨረር አይታይም፤ ሙቀቱም አይሰማም። የደጋ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲል ፀሐይዋ የደከመች ይመስለናል። ነገር ግን ጨረሩ ከፍታ በጨመረ ቍጥር በየ1,000 ሜትሩ ከመቶ 10 ያህል እየበረታ ይሄዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ በእርሷ ላይ የሚወርደው ጨረር በባሕር ጠረፍ ከሚወርደው በሩብ ያህል ይበልጣል። ስስ ደመናም ቢሆን ብዙውን ጨረር ያሳልፋል እንጂ አይመልስም። ከዚህም ሌላ፣ አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ፣ በአዲስ አበባ ሰማይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማለቂያ ገደማ፣ በእኩለ ቀን ከአናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። የኛ የስፖርት ቀን የዋለው ልክ በዚያ ሰሞን ነበር።

ለጥቍር ቆዳ ተፈጥሮ ራሷ ጥላ ሰጥታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1979 በታተመ አንድ ጥናት የጥቍር ሰው የላይኛው ቆዳ «ቢ» የተባለውን ጨረር የመከላከል ኃይሉ 13 ያህል፣ የነጭ ሰው ግን 3 ያህል ሆኖ ተለክቷል። ሜላኒን የሌለው ሰው ይህ ጥላ የለውም። ስለዚህ ለብዙዎቻችን የፊት መጥቈር ብቻ የሆነው ነገር፣ ለእርሱ ቍስል ነው፤ ቍስሉም በየዓመቱ ሲደጋገም ገና በወጣትነት የቆዳ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንመለስ። በመድኃኒት ቤት ቅባት ላይ 30 ተብሎ ሲጻፍ፣ ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር ከ30 እጅ አንዱን ብቻ ያሳልፋል ማለት ነው፤ ይኸውም ከመቶ 97 ያህሉን ይመልሳል። 15 የሆነው ከመቶ 93፣ 50 የሆነው ደግሞ ከመቶ 98 ያህሉን ይመልሳል። ቍጥሩ የሚገኘው በግምት አይደለም። ቅባቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ሆኖ በሰዎች ጀርባ ላይ ይቀባል፤ ከዚያ የታወቀ ኃይል ያለው መብራት ይበራበትና ቆዳው የሚቀላበት ጊዜ ይለካል። ቀጭን አድርጎ የተቀባ ሰው፣ ጠርሙሱ ላይ 30 ቢጻፍም፣ የሚያገኘው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

በቤት የሚቀመሙት ነገሮችስ? የኮኮናትና የወይራ ዘይት በቤተ ሙከራ ሲለኩ የመከላከል ኃይላቸው ከ10 በታች ነው፤ በቆዳ ላይ ስስ ሆነው ሲቀቡማ ከዚያም ያንሳሉ። የካሮት ዘር ዘይት 38 ወይም 40 ነው እየተባለ የሚወራው በሰው ቆዳ ላይ ተለክቶ የተረጋገጠ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ፒንተረስት በተባለው የሥዕል መለዋወጫ ስለ ቤት ሠራሽ የፀሐይ ቅባት ከወጡት ምክሮች ውስጥ ከመቶ 68 ያህሉ በቂ መከላከያ የማይሰጥ ቅባት እንደሚያስተምሩ አሳይቷል።

ዚንክ ኦክሳይድ ግን እውነተኛ መከላከያ ነው፤ ፋብሪካዎችም ይጠቀሙበታል። እንግዲያው የኛ ቅባት ለምን ከሸፈ? ይህን ለማወቅ ከተማሪዎቼ ጋራ አንድ ቀላል ሙከራ አደረግን። ከባለ ሱቅ የብር መፈተሻውን ሐምራዊ መብራት ተዋስን። ያ መብራት «ኤ» ከተባለው ጨረር ወገን ያወጣል፤ ነጭ የደብተር ወረቀት ሲያርፍበትም ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ቅባታችንን በስስ ላስቲክ ላይ ቀብተን በወረቀቱ ላይ ዘረጋንና ክፍሉን አጨልመን አየን። ዱቄቱ በተከማቸበት ቦታ ወረቀቱ ጨለመ፤ በመካከሉ ግን በየቦታው ቦግ ቦግ ይላል። ቅባታችን ጣራ ሳይሆን ወንፊት ነበር። የኮኮናት ዘይት ብቻውን በተቀባበት ላስቲክ ሥር ያለው ወረቀት ደግሞ ምንም እንዳልተሸፈነ ሆኖ አበራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱቄቱ በዘይት ውስጥ እንደ ያልታሸ ገንፎ ይጓጕላል። ፋብሪካው በልዩ መፍጫ አልሞ፣ ተመልሶ እንዳይጓጕል የሚያደርግ ነገር ጨምሮ፣ በመጨረሻም ለክቶ ነው የሚያወጣው። የእንጨት ማንኪያ ይህን ሥራ አይሠራም። አንባቢዎችን የማሳስበው ግን፣ የኛ ሙከራ ጕድለትን ለማሳየት እንጂ ቅባትን ደኅና ነው ብሎ ለማጽደቅ የማይበቃ መሆኑን ነው፤ ይህ መብራት «ቢ» ስለ ተባለው ጨረር ምንም አይነግረንም።

«ከተፈጥሮ የተገኘ ነገር ቢያንስ አይጎዳም» የሚሉም አሉ። ይህም ስሕተት ነው። ሎሚ ፊት ላይ አሽተው ፀሐይ ላይ የሚወጡ ሰዎች ቆዳቸው እንደ ፈላ ውኃ እንዳቃጠለው ውኃ ሊቋጥርና ለወራት ሊጠቍር ይችላል፤ በሎሚ ውስጥ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን የሚያቃጥል ነገር አለና። ለቡና የምንወደው ጤና አዳምም ይኸው ጠባይ አለው። በቡና ሲጠጣ የሚወደደው ቅጠል፣ ተጨምቆ ቆዳ ላይ ከተቀባ በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ሌላ ነገር ይሆናል።

የጥንት ሰዎች ምንም አያውቁም ነበር ማለቴ ግን አይደለም። በናሚቢያ የሚኖሩ የሂምባ ሴቶች ቀይ አፈር ፈጭተው ከቅቤ ጋራ ለውሰው ሰውነታቸውን ይቀባሉ፤ በኦሞ ሸለቆ ያሉት የሐመር እኅቶቻችንም ጠጕራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ይህን የመሰለው ቀይ አፈር በሰው ቆዳ ላይ ተፈትኖ በእርግጥ ጨረር እንደሚመልስ አሳይቷል። የሚመልሰው ግን አፈሩ እንጂ ቅቤው አይደለም። ሜላኒን ለሌለው ሰው ይህም አይበቃም።

እንግዲህ በቤት ሊሠራ የሚችለው መከላከያ የትኛው ነው? ጥላ ነው። ጥላ በመርፌና በክር ይሠራል። ዙሪያው ቢያንስ አራት ጣት የሰፋ ባርኔጣ፣ ከኋላው አንገትንና ጆሮን የሚሸፍን ጨርቅ የተሰፋበት፣ ከማንኛውም የማርማላታ ጠርሙስ ቅባት ይበልጣል። ጨርቅ ሲመረጥ ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ነው፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ ጨረርም ያሳልፋል። ስለዚህ ነጠላ ስስ ስለ ሆነ ደርቦ መከናነብ ይገባል። ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራና ጠቈር ያለ ጨርቅ ከስሱና ከነጩ ይሻላል። እጀ ረጅም ልብስና ጃንጥላም አይረሱ። ጊዜን መምረጥም ከጥላ ይቈጠራል፤ የሰው ጥላ ከቁመቱ ሲያጥር ፀሐይዋ በርትታለች ማለት ነውና፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ከደጅ መራቅ ነው።

ቅባት የሚገዛ ሰው ቍጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን፣ «ኤ»ንም «ቢ»ንም የሚከላከል መሆኑን፣ ጊዜውም ያላለፈበት መሆኑን ያረጋግጥ። ሳይሰስት ይቀባ፤ በየሁለት ሰዓቱም ይድገም። ገንዘብ ያጠረው ሰው ጥቂቱን ቅባት ልብስ ለማይሸፍነው ለፊት፣ ለጆሮና ለእጅ ጀርባ ያድርገው፤ የቀረውን ልብስ ይሸፍንለት። ቅባት የባርኔጣ ረዳት ነው እንጂ የባርኔጣ ምትክ አይደለም።

የእናትየው ጥያቄ ግን ሞኝነት አልነበረም። «እዚሁ ብንሠራው አይሆንም ወይ?» ያሉትን ጎረቤቶቻችን ሠርተው አሳይተዋል። በታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ በምትገኘው በሞሺ ከተማ፣ የቆዳ ሐኪሞች ማሠልጠኛ ባለበት ሆስፒታል፣ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች «ኪሊሰን» የተባለ ቅባት እዚያው መሠራት ጀምሮ ለሚያስፈልጋቸው ታድሏል። ባስፍ የተባለው የጀርመን የኬሚካል ኩባንያም በዕውቀትና በጥሬ ዕቃ ረድቷል። በእነርሱና በእኔ መካከል ያለው ልዩነት የአገር ልዩነት አይደለም፤ እነርሱ ለክተው ሠሩ፣ እኔ ሳልለካ ጻፍሁ። የኛም የፋርማሲ ትምህርት ቤቶች ይህን ሥራ ቢይዙት፣ የዚያች እናት ጥያቄ ተገቢውን መልስ ያገኝ ነበር።

ዘንድሮ የስፖርት ቀናችን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ 4 ሰዓት ሳይሞላ እንዲያልቅ ጠይቀን ተፈቀደልን። እናትየው ለልጃቸው ከኋላው መሸፈኛ ያለው ባርኔጣ ሰፉላት። የክፍል ጓደኞቿም ብቻዋን እንዳትታይ ብለው ሁሉም ባርኔጣ አድርገው መጡ። ልጅቱ ባንዲራውን ይዛ እንደ አምናው ከፊት ቆመች፤ ሰልፉ ሲያበቃም ከዝግባው ሥር ገብታ የሩጫውን ሰዓት መዘገበች። ማታ ከቤታቸው ሄጄ አንገቷን አየሁ። ደኅና ነበረች።

ያ ጠርሙስ አሁንም ከጠረጴዛዬ ላይ አለ። 30 ያለውን ሰርዤ «ያልተለካ» ብዬ ጽፌበታለሁ። በበጋ ተረከዜ ሲሰነጠቅ እቀባዋለሁ፤ ለዚያስ ደግ ነው።